ሠላሳ ሰቅልና አንድ ተራራ

ሃያ ሁለት ዓመት በዚች በሃይፋ በር
ሌሊት እየገባሁ ሌሊት ስወጣ ነበር።
አውቶቡሱ ያውቃል፤ እኔ ግን አላውቅም፣
የተኛ መንገደኛ አገር አያደንቅም።
ግንባሬን መስታወት ላይ አስደግፌ ሳልፍ
ከወደቡ ጎተራ እስከ ቤቴ ደጃፍ፣
ከተማዋ ለኔ እርጥብ መስኮት ነበረች፣
መብራቷ እየሮጠ፣ ስም ሳትነግረኝ ያለፈች።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት
ባለቤቴ ስመኝ፣ «ኧረ ውጣ ከቤት፣
ሶፋው ጎደጎደ!» ብላ ስታባርረኝ፣
ሠላሳ ሰቅል ኪሴ፣ ጫማዬ ታዘዘኝ።
አባታችን አብርሃም ለሣራ መቃብር
አራት መቶ ሰቅል መዘነ፣ ጥሩ ብር፤
እኔ ግን በቁሜ፣ ጉልበቴ ሳይከዳ፣
ሠላሳ ይዣለሁ፣ ላንድ ቀን የሆድ ዕዳ።

ዋዲ ኒስናስ ገባሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤
የተሰጣ ልብስ ነው ራስ የሚዳብሰው።
ሰልፍ አየሁ፤ ተሰለፍኩ፣ ምን እንደሆን ሳላውቅ፣
(ሰልፍ ካየህ ግባ፤ ሰው በከንቱ አይጠብቅ።)
ጢሙን ዱቄት ነክቶት አቡ ናዲም መጣ፣
ከሚፈላው ዘይት አንዷን ፈላፌል አወጣ፤
በወረቀት ሰጠኝ፤ ጣቴን ለበለበኝ፤
«ጉቦ ናት» አለና፣ «ማዶ ሄደህ እንዳታስቀናኝ።»
ሙሉው አሥራ አራት። ጎመን አለው፣ ቃሪያ፣
ኮምጣጣው ኪያር ግን የለውም መስፈሪያ።
ቆሜ በላሁ። ቆሞ መብላት ነውር ነበር፤
ግን የቆመ ሰው ኪራይ አይከፍልም ለወንበር።

ከዚያ ደረጃ ነው። ሃይፋ መንገድ የላት፣
መሰላል ናት እንጂ፣ ያዕቆብ የረሳት።
መላእክቱ ግን የሉም፤ ድመት ወጣች፣ ወረደች፤
አንዷ ጣሂናዬን ከክርኔ ላይ ላሰች።
አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት... ተሳሳትኩ። እንደገና ከአንድ።
ጉልበቴ ያጉረመርማል እንደ ሽማግሌ ዘመድ።

ሐዳር ገበያ ላይ ዓርብ ቀትር ሆኗል፤
ሰንበት ስትቃረብ ኮክ ዋጋው ይረክሳል፤
ሻጩም እንደ ነቢይ ሣጥን ላይ ይጮሃል፦
«አምስት! አምስት! ነገ የትል ቀለብ ይሆናል!»
አንድ ከረጢት ገዛሁ። ጎን ጎናቸው ጠቁሯል፤
ሰው እያገላበጠ ቀዩን ብቻ ይለቅማል።
ማንም አልነገረው፣
ማሩ የተኛው በጠቆረው ጎን ነው።

መቶ ስልሳኛው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ፣
ሁለት ዘምቢል ይዛ፣ ትንፋሽዋን አጥታ።
«ራይሳ» አለችኝ። ዕብራይስጧ ሰባራ፤
የኔም ሰባራ ነው፤ ገጠምነው በጋራ።
የስንዴ ጆንያ ለለመደ ትከሻ
ድንች ምን ይከብዳል? ወሰድኩ እስከ መድረሻ።
የቀይ ሥር ሾርባ አመጣች፣ ከማቀዝቀዣ አውጥታ።
ቀዝቃዛ ሾርባ!
ስመኝ ብትሰማ፣ «ምነው፣ እሳት አጡ?» ትላለች።
ሁለት ሳህን ጨረስኩ።
ልክፈል ብል ተቆጣች፤ በሩሲያኛ ተቆጣች፣
አንድም ቃል ሳልሰማ ሁሉም ገባኝ።

ጫፍ ላይ ቆምኩ።
ባሕሩ ተዘርግቷል፣ መርከብ እንደ ዝንብ አርፎበት፤
ያ ጎተራ፣ ቀና ስል ቆቤን ያስጥለኝ የነበረው፣
የክብሪት ቀፎ አክሏል።
በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ገለጥኩት። ሸፈንኩት።
ሃያ ሁለት ዓመት፣
ከአንድ ጥፍር በታች።

ስወርድ እግሬ እንደ ጥጃ ይንቀጠቀጣል።
አውቶቡሴ መጣ፤ ቁጥሩን ሳላይ በሳሉ አወቅኩት።
ባዶ ወንበር አንድ ብቻ ነው፣
አጠገቡ አንድ ወጣት የሥራ ልብስ ለብሶ
ግንባሩን መስኮቱ ላይ ደግፎ ተኝቷል።
ልቀስቅሰው ብዬ እጄን አነሳሁ፤
መልሼ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት፣
በጣም የጠቆረውን ኮክ መርጬ
ጭኑ ላይ አኖርኩለት።
አሥራ አንድ ሰቅል ኪሴ ውስጥ እየተንጫጫ
እስከ ቤት ድረስ አልተኛሁም።